ኮምፕረስ ያደረግኩት ቪዲዮ ከዋናው ፋይል በለጠብኝ፤ ሲአርኤፍ ላይ ምኑን ነው የሳትኩት?

ባለሦስት_ፎልደር
ሰኞ ከምሽቱ 3፡12

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተሬ ማራገቢያው እያጓራ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሠርቶ፣ ያገኘሁት ውጤት ከጀመርኩበት የባሰ ስለሆነብኝ ነው የመጣሁት። የምጽፈው ከስልክ ነው፤ ኪቦርዴም የግዕዝ ብቻ ስለሆነ ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ፣ እናንተም እንደዚያው ብትመልሱልኝ ይገባኛል።

500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኬ ላይ የቀረኝ 9 ጊጋባይት ብቻ ነው። የሞላው በሦስት ፎልደር ቪዲዮ ነው። አንደኛው ላለፉት አራት ዓመታት ልጆቼን በስልክ የቀረጽኩት። ሁለተኛው ስፕሬድሺት ሳስተምር ስክሪኔን እየቀረጽኩ ያዘጋጀሁት ትምህርት፣ 46 ክፍል፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ገደማ። ሦስተኛው ከድሮ የቪዲዮ ካሜራ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት የወላጆቼ ቀረጻ፣ 11 ካሴት።

ኤፍኤፍኤምፔግ ለሚባለው በጽሑፍ ትዕዛዝ ለሚሠራ የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም «ምርጡ ትዕዛዝ ይሄ ነው» ተብሎ ያገኘሁትን ገልብጬ ለሦስቱም አስኬድኩት (ሲአርኤፍ የሚለው የጥራቱ ማስተካከያ ቁጥር ነው)፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ግብዓት -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ቬሪስሎው -ሲአርኤፍ 18 -ሲ፡ኤ ኤኤሲ ውጤት.ኤምፒ4

የሆነውን ልንገራችሁ። 412 ሜጋባይት የነበረ የስልክ ቪዲዮ 590 ሜጋባይት ሆኖ ወጣ። ልጨምቀው ብዬ አሳበጥኩት! የትምህርቱ መጠን በእርግጥ ቀንሷል፤ ግን በእኔ ኮምፒውተር በደንብ የሚታየው ቪዲዮ ተማሪዎቼ ስልክ ላይ ድምፁ ብቻ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። የካሴቱ ደግሞ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። በዚያ ላይ ፋይሎቹን ተራ በተራ እንዲያስኬድ የጻፍኩት ሉፕ የመጀመሪያውን ጨርሶ፣ ሁለተኛውን «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። ስሙን ሳየው መጀመሪያው ላይ ሦስት አራት ፊደል ተበልቷል።

ምኑን ነው የሳትኩት? ለሦስቱም የሚሆን ትክክለኛ የሲአርኤፍ ቁጥር ስንት ነው?

ፈጥኖ_ደራሽ
ሰኞ ከምሽቱ 3፡31

ቀላል ነው። ሊብኤክስ264 የሚለውን አውጥተሽ ሊብኤክስ265 አስገቢ፣ ሲአርኤፉን 28 አድርጊው፣ አለቀ። ግራፊክስ ካርድ ካለሽ ደግሞ የካርዱን ኢንኮደር (ቪዲዮ ጨማቂ) ተጠቀሚ፤ ሁለት ቀን የፈጀብሽ በሁለት ሰዓት ያልቃል። እኔ ሁሉንም እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ልዩነቱን አይቼው አላውቅም።

ቀስ_በቀስ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡40

ፈጥኖ_ደራሽ ቅር እንዳይልህ፤ እህታችንን እዚህ ያደረሳት ራሱ ይሄ «አንድ ትዕዛዝ ለሁሉም» የሚባለው ነገር ነው። ሌላ አንድ ትዕዛዝ ብንሰጣት በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች።

ከሁሉ በፊት፣ ዋናዎቹን ፋይሎች አልሰረዝሽም አይደል? ካልሰረዝሽ አትሰርዢ። ይህን የምለው ራሴ ተቃጥዬበት ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ 31 የስብሰባ ቅጂ ጨምቅ ተብዬ ተሰጠኝ። እያንዳንዱ ፋይል ሁለት የድምፅ ትራክ ነበረው፣ አንዱ የተናጋሪው፣ ሌላው የአስተርጓሚው። እኔ ይህን ልብ አላልኩም። ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ ካላዘዙት በቀር ከምስሉም ከድምፁም አንድ አንድ ትራክ ብቻ ነው የሚያነሣው፤ የተረፈውን ዝም ብሎ ይተወዋል። ጨመቅኩ፣ ሦስት አራቱን ከፍቼ አየሁ፣ ምስሉ ንጹሕ፣ ድምፁ ንጹሕ። ዋናዎቹን ሰረዝኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ደውላ «ትርጉሙ የታለ?» አለችኝ። 31ዱም ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ -ማፕ 0 ሳልጽፍ እጄ ኢንተርን አይጫንም። (ከስልክ የመጣ ፋይል ውስጥ ኤምፒ4 የማይቀበለው የዳታ ትራክ ስለሚኖር -ማፕ 0 አንዳንዴ ኤረር ይሰጣል። ያን ጊዜ -ማፕ 0፡ቪ -ማፕ 0፡ኤ ብለሽ ምስሉንና ድምፁን ብቻ ሁሉንም ውሰጂ።)

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ትክክለኛ የሲአርኤፍ ቁጥር የሚባል የለም። ሲአርኤፍ ማለት «ፋይሉን ይህን ያህል ሜጋባይት አድርግልኝ» ማለት አይደለም። «ይህን ያህል እንከን እታገሣለሁ፣ ለዚያ የሚያስፈልግህን ቦታ አንተው ውሰድ» ማለት ነው። ኢንኮደሩም የተባለውን አደረገ። 18 ማለት «ምንም እንዳይጎድልብኝ» ማለት ነው፤ ስለዚህ የልጆቹን ፊት ብቻ አይደለም ያቆየልሽ፤ ስልኩ መጀመሪያ ሲጨምቅ የተወውን ጉድፍ፣ የጨለማውን ጥግ ነጠብጣብ፣ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ሁሉ በታማኝነት ቀዳው። የጠረጠርኩት ሌላም ነገር አለ፤ የስልክሽ ፋይል ኤች.265 ሳይሆን አይቀርም፤ ኤች.264ና ኤች.265 ቪዲዮ የሚጨመቅባቸው ሁለት ስልቶች ናቸው። ኤች.264 የወጣው በ2003 ነው፣ ኤች.265 በ2013። አዲሱ የተሠራው ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ያህል ቢትሬት (በሰከንድ በሚወስደው ዳታ) እንዲሰጥ ታስቦ ነው። አንቺ በአዲሱ የታሸገውን ፈትተሽ በአሮጌው መልሰሽ አሸግሽው፤ ያውም ምንም እንዳይጎድል ብለሽ። ባያብጥ ነበር የሚገርመው።

ቁጥሩ ደግሞ ከኢንኮደር ኢንኮደር ትርጉሙ ይለያያል። ካልተነገረው ኤክስ264 (የኤች.264 ኢንኮደር) የሚጠቀመው 23 ነው፣ ኤክስ265 (የኤች.265) 28። ኤስቪቲ-ኤቪ1 (ኤቪ1 የሚባለው ሌላ ስልት ኢንኮደር) ደግሞ መለኪያው ራሱ እስከ 63 ስለሚሄድ መነሻው 35 ነው። ስለዚህ ሰው «እኔ 28 ነው የምጠቀመው» ሲልሽ በየትኛው ብለሽ ጠይቂው። በኤክስ264 ላይ ለእጅሽ ግምት የሚሆንሽ ይሄ ነው፤ ቁጥሩን በ6 ከፍ ብታደርጊው ፋይሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ በ6 ብትቀንሺው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ፕሪሴት የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ኢንኮደሩ አንድ ፍሬም ላይ ስንት ሰዓት ያስብ የሚለውን ነው የሚወስነው። ከሚዲየም ወደ ስሎው መሄድ ያዋጣል። ከስሎው ወደ ቬሪስሎው ግን ሰዓቱ ሲረዝም ፋይሉ ላይ የምታዪው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሁለት ቀንሽ የሄደው እዚያ ነው። ከቬሪስሎው ቀጥሎ ያለውን ደግሞ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ፕላሲቦ ብለው ነው የሰየሙት፤ ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ የለም።

ከመቀጠላችን በፊት ከየፎልደሩ አንድ አንድ ፋይል ምረጪና ውስጡ ምን እንዳለ አሳዪኝ፦

ኤፍኤፍፕሮብ -ሃይድ_ባነር ፋይሉ

«ስትሪም» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ብቻ ላኪልኝ። እኔ የምፈልገው ኮዴኩን (የተጨመቀበትን ስልት)፣ «ዋይዩቪ» ብሎ የሚጀምረውን ቃልና ቢትሬቱን ነው። ሐኪም ሳያይሽ መድኃኒት እንደማያዝልሽ ነው።

ከርሰር
ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡05

የሉፑን እኔ ልመልስ፣ ይቺ ነገር አንድ ሌሊት ሙሉ ስላስለቀሰችኝ። ሉፕሽ «ዋይል ሪድ» ነው አይደል? የፋይሎቹ ስም ዝርዝር በአንድ ቱቦ ነው እየመጣ ያለው። ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ በመሃል ኪው ተጭነሽ እንድታቆሚው ኪቦርዱን ያዳምጣል፤ ኪቦርድ መስሎት የሚያዳምጠው ያንኑ ቱቦ ነው። ስለዚህ የቀጣዩን ፋይል ስም ፊደል በፊደል ይበላዋል። «ትምህርት_02» የነበረው «ርት_02» ሆኖ ይደርስሻል።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው። ከኤፍኤፍኤምፔግ ቀጥሎ -ኖስትዲን ብለሽ ጨምሪ። እዚያው -ኤን ጨምሪበት፤ በዚያ ስም የተሠራ ፋይል ካለ ሳይነካው ያልፋል። መብራት ቢጠፋና እንደገና ብታስጀምሪው ያለቁትን አይደግምም። መሃል ላይ የተቋረጠችውን ብቻ ግን በእጅሽ ሰርዢ፣ ግማሽ ሆና ስለምትቀር።

ባለሦስት_ፎልደር
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡48

አልሰረዝኩም፣ ተመስገን። ከርሰር፣ ሠራልኝ!! ሦስት ፊደል የበላብኝ እሱ ነበር ማለት ነው፤ እኔ የፋይል ስሞቹን ስቀይር ነበር የዋልኩት።

ኤፍኤፍፕሮብ ያለኝ እንዲህ ነው፦

ስልኩ፦ ኤችኢቪሲ፣ ሜይን 10፣ ዋይዩቪ420ፒ10ኤልኢ፣ 1920 በ1080፣ 8 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ።
ትምህርቱ፦ ኤች264፣ ሃይ 4፡4፡4 ፕሪዲክቲቭ፣ ዋይዩቪ444ፒ፣ 1920 በ1080፣ 30 ፍሬም፣ 6 ሜጋቢት ገደማ።
ካሴቱ፦ ዲቪቪዲዮ፣ ዋይዩቪ420ፒ፣ 720 በ576፣ 25 ፍሬም፣ 28800 ኪሎቢት። ፋይሉ ላይ «ቦተም ፈርስት» የሚል ነገርም አለ።

ኤች.265 ያልከው ይሄ ኤችኢቪሲ የሚለው ነው መሰለኝ?

ቀስ_በቀስ
ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡20

አዎ፣ ያው ነው፤ ሁለት ስም ያለው አንድ ሰው። አሁን ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ወጣ።

ስልኩ። የልጆችሽን ፎልደር አትንኪው። እውነቴን ነው። ፋይሉ ተጨምቆ የመጣ ነው፤ 8 ሜጋቢት ለ1080 ቪዲዮ ብዙ የሚባል አይደለም። እንደገና ብትጨምቂው ከቅጂ ላይ ቅጂ ነው፣ ፎቶኮፒን ፎቶኮፒ እንደማድረግ። በዚያ ላይ 10 ቢት ስለሆነ ኤክስ264 ያንኑ 10 ቢት ይዞ ነው የሚጨምቀው፣ ያን ዓይነት ኤች.264 ደግሞ አብዛኛው ስልክና ቴሌቪዥን አይከፍተውም። ወደ 8 ቢት እንዳታወርጂው፣ ኤችዲአር (የብርሃንና የቀለም ስፋቱ የጨመረ ቪዲዮ) ከሆነ ቀለሙ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይደበዝዛል። ቦታ የምናገኘው ከሌሎቹ ሁለት ነው።

ትምህርቱ። ወርቁ ያለው እዚህ ነው። ስክሪን ቀረጻ ላይ ሙሉ ደቂቃ የሚንቀሳቀሰው የማውሱ ቀስት ብቻ ነው። የቀረጽሽበት ፕሮግራም ግን ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም 6 ሜጋቢት እየሰፈረ ነው የጻፈው። 50 ደቂቃ 3000 ሰከንድ ነው፤ በ6 አባዝተሽ ለ8 ስታካፍዪው 2250 ሜጋባይት። አብዛኛው ባዶ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ነው።

ጥቁር ስክሪኑን ያመጣው «444» የሚለው ነው። ቪዲዮ ብሩህነቱን ለእያንዳንዱ ነጥብ ይይዛል፤ ቀለሙን ግን እንደ ወትሮው ለአራት ነጥብ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ዓይናችን ለቀለም ሰነፍ ስለሆነ። 420 የሚባለው ያ ነው፣ በስልክ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ቺፕም የሚያውቀው እሱን ነው። የአንቺ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ነጥብ ሙሉ ቀለም ይዞ ቀረጸ፣ ኤክስ264ም ካላዘዝሽው ያገኘውን ያንኑ ያስቀጥላል። የኮምፒውተር ማጫወቻ በሶፍትዌር ይፈታዋል፤ ስልኩ ድምፁን ያጫውትና ምስሉ ላይ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኖስትዲን -ኤን -አይ ትምህርት_01.ኤምኬቪ -ማፕ 0፡ቪ -ማፕ 0፡ኤ -ቪኤፍ ኤፍፒኤስ=15 -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ሲአርኤፍ 25 -ፒክስ_ኤፍኤምቲ ዋይዩቪ420ፒ -ሲ፡ኤ ኤኤሲ -ኤሲ 1 -ቢ፡ኤ 64ኬ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ትምህርት_01.ኤምፒ4

ለቀስትና ለጽሑፍ 15 ፍሬም ይበቃል። ድምፁ የአንድ ሰው ንግግር ስለሆነ አንድ ቻናል አድርጌዋለሁ። ፋስትስታርት የሚለው ጥራት ላይ ምንም አያደርግም። ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ እንደ ወትሮው መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ይህ ማውጫውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ተማሪው ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ማየት ይጀምራል። አንድ የምትከፍዪው ዋጋ አለ፦ ወደ 420 ስትወርጂ ቀይ ጽሑፍ በነጭ ሴል ላይ ጠርዙ ትንሽ ይለሰልሳል። በቀይ የጻፍሽው ብዙ ከሆነ አንዱን ክፍል አውጥተሽ በዓይንሽ ፍረጂ።

አንድ ነገር ልብ በዪ፣ የአማራጮቹ ቦታ። ኤፍኤፍኤምፔግ ላይ እያንዳንዱ አማራጭ የሚሠራው ከእሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ፋይል ነው። ከ-አይ በፊት የጻፍሽው ስለ ግብዓቱ ነው፣ ከግብዓቱ በኋላና ከውጤቱ ስም በፊት የጻፍሽው ስለ ውጤቱ። -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264ን ከ-አይ በፊት ብታደርጊው «እንዲህ የሚባል ዲኮደር አላውቅም» ብሎ ይቆማል፤ በሱ ልትፈቺ የፈለግሽ መስሎት ነው። ከውጤቱ ስም በኋላ የጻፍሽውን ደግሞ ችላ ሊለው ይችላል።

ካሴቱ። ይሄ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ሌላ ቅጂ የሌለው እሱ ስለሆነ። ዲቪ (የካሴቱ የራሱ ቅርጸት) ለሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ከካሴቱ የወጣውን እንዳለ ነው የያዝሽው ማለት ነው። የማበጠሪያ ጥርሱ ስሕተት አይደለም፣ የድሮ ካሜራ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ፍሬም እንደ አንድ ሙሉ ሥዕል ሳይሆን በሁለት ግማሽ ሥዕል ተሸምኖ ነው የተቀረጸው፤ ጎዶሎ መስመሮቹ በአንድ ቅጽበት፣ ሙሉዎቹ በሌላ። የአባትሽ እጅ በሁለቱ መካከል ተንቀሳቅሷል፤ ስለዚህ ጠርዙ ይበጠሳል። አንቺ ሳትፈቺው ስለጨመቅሽው ጥርሱ ፋይሉ ውስጥ ተጋግሮ ቀረ፤ ከተጨመቀው ላይ በቅጡ ማስተካከል አይቻልም፣ ከዋናው ነው መጀመር ያለብሽ፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኖስትዲን -ኤን -አይ ካሴት_01.ዲቪ -ማፕ 0፡ቪ -ማፕ 0፡ኤ -ቪኤፍ ቢደብሊውዲአይኤፍ -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ሲአርኤፍ 18 -ፒክስ_ኤፍኤምቲ ዋይዩቪ420ፒ -ሲ፡ኤ ኤኤሲ -ቢ፡ኤ 160ኬ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ካሴት_01.ኤምፒ4

ቢደብሊውዲአይኤፍ ሁለቱን ግማሾች ለያይቶ ከእያንዳንዱ ሙሉ ፍሬም ይሠራል፤ ውጤትሽ በሰከንድ 50 ፍሬም ይሆናል፣ እንቅስቃሴው ልክ ያኔ በቴሌቪዥን እንደምናየው ልስልስ ይላል። ያዲፍ የሚባለውም አለ፤ እሱ ካልተነገረው 25 ነው የሚሰጥሽ፣ ለእኔ ያ ግማሹን እንቅስቃሴ መጣል ነው። 18 እዚህ ላይ አይበዛም፣ ለዚህኛው ፎልደር የመጀመሪያ ቁጥርሽ ልክ ነበር። ወደ 1080 ላሳድገው እንዳትዪ፣ ከ576 መስመር ውስጥ ያልነበረ ነገር አይወጣም። ዋናዎቹን ዲቪዎች ደግሞ ሌላ ዲስክ ፈልገሽ አስቀምጪያቸው።

ሙሉውን ከማስኬድሽ በፊት ከ-አይ በፊት -ኤስኤስ 00፡12፡00 -ቲ 60 ብለሽ አንድ ደቂቃ ብቻ ሞክሪ። ደቂቃውን ስትመርጪ ከባዱን ምረጪ፤ ሰው የሚጨፍርበትን፣ ውሃ የሚፈስበትን፣ ካሜራው የሚዞርበትን። ቁጭ ብለው በሚያወሩበት ደቂቃ የፈተንሽው ሁልጊዜ ያምራል።

ፈጥኖ_ደራሽ
ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡41

ተቀብያለሁ፣ የካሴቱን አላሰብኩትም ነበር። ግን የግራፊክስ ካርዱን ነገር ሳትመልስልኝ አለፍክ። ለትምህርቱ 46 ክፍል አለ እኮ።

ቀስ_በቀስ
ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡58

አላለፍኩም፣ ሰዓቱ መሽቶብኝ ነው። የካርዱ ኢንኮደር የሚፈጥነው ሥራው በቺፑ ላይ አስቀድሞ የተቀረጸ ስለሆነ ነው፤ ብዙ መንገድ ሞክሮ የሚሻለውን የመምረጥ ትዕግሥት የለውም። በአንድ ዓይነት የፋይል መጠን ከስሎው ጋር ብታወዳድረው ምስሉ ያንሳል፣ በአንድ ዓይነት ጥራት ብታወዳድረው ፋይሉ ይገዝፋል። ስክሪን በቀጥታ ስትቀርጽ ወይም ስታሰራጭ ግን ከሱ የተሻለ የለም። አንድ ጊዜ ተጨምቆ ለዓመታት ለሚቀመጥ ነገር ሌሊቱን በፕሮሰሰሩ ላሳልፍ። ደግሞ ኤንቪኢንክ (የኤንቪዲያ ካርድ ኢንኮደር) -ሲአርኤፍ የሚባል አያውቅም፣ የሱ -ሲኪው ነው። እዚያ 28 ጽፈህ «ልዩነቱን አላየሁም» ካልክ፣ ቁጥሩን ሰምቶህ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን እይ።

ፈጥኖ_ደራሽ
ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡03

...አሁን ሎጉን ከፍቼ አየሁት። አልሰማኝም ነበር። 😅 ዓመት ሙሉ!

ባለሦስት_ፎልደር
ሐሙስ ከቀኑ 9፡15

እጅህን ይባርከው። ትምህርት_01 ከ2250 ሜጋባይት 168 ሜጋባይት ሆነ፤ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ሦስት ተማሪዎቼም በስልካቸው ከፈቱት። ቀይ ጽሑፉን አይቼዋለሁ፣ ካልነገርከኝ አላስተውለውም ነበር።

አሁን አንድ ችግር ቀረኝ። ትምህርቱን የምጭንበት ቦታ ከ100 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። ሲአርኤፉን 28 ሳደርገው 121፣ 30 ሳደርገው 98 ሆነ፤ ግን ክፍል 7 በዚያው በ30 እንደገና 134 መጣ። ለእያንዳንዱ ክፍል እየገመትኩ መኖሬ ነው? ወይስ ወደ 1280 ላሳንሰው?

ቀስ_በቀስ
ሐሙስ ከምሽቱ 1፡30

አታሳንሺው። ስፕሬድሺት ነው፤ ስታሳንሺው መጀመሪያ የሚሞተው የሴሉ ቁጥር ነው። ከፍሬሙ ቀንሺ፣ 10 አድርጊው።

ክፍል 7 ላይ ብዙ ስክሮል አድርገሻል መሰለኝ፣ ወይ የምታሳዪው ቻርት የሚንቀሳቀስ ነው። ሲአርኤፍ ጥራቱን ይዞ መጠኑን የሚለቅ ስለሆነ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መጠኑ ከላይ በተወሰነበት ቦታ ሲአርኤፍን ትተሽ በቢትሬት ሁለት ዙር ታስኬጃለሽ። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ 100 ሜጋባይት 800 ሺህ ኪሎቢት ነው፤ ለ3000 ሰከንድ ስታካፍዪው 266 ኪሎቢት በሰከንድ። ድምፁን 48 አድርጊው፣ 218 ይቀራል። ኮንቴይነሩም (ምስሉንና ድምፁን የሚይዘው ኤምፒ4 ራሱ) የራሱን ትንሽ ስለሚወስድ 205 በዪ፣ ጠርዝ ላይ አትቁሚ።

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኖስትዲን -ዋይ -አይ ትምህርት_07.ኤምኬቪ -ቪኤፍ ኤፍፒኤስ=10 -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ቢ፡ቪ 205ኬ -ፒክስ_ኤፍኤምቲ ዋይዩቪ420ፒ -ፓስ 1 -ኤኤን -ኤፍ ነል /ዴቭ/ነል

ኤፍኤፍኤምፔግ -ኖስትዲን -ዋይ -አይ ትምህርት_07.ኤምኬቪ -ቪኤፍ ኤፍፒኤስ=10 -ሲ፡ቪ ሊብኤክስ264 -ፕሪሴት ስሎው -ቢ፡ቪ 205ኬ -ፒክስ_ኤፍኤምቲ ዋይዩቪ420ፒ -ፓስ 2 -ሲ፡ኤ ኤኤሲ -ኤሲ 1 -ቢ፡ኤ 48ኬ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ትምህርት_07.ኤምፒ4

የመጀመሪያው ዙር ምንም ቪዲዮ አይጽፍም። ሙሉውን እያየ የቱ ጋ ከባድ፣ የቱ ጋ ቀላል እንደሆነ ማስታወሻ ይይዛል፤ ሁለተኛው በማስታወሻው መሠረት 205ቱን ያከፋፍላል። ከጸጥተኛው ደቂቃ ቀንሶ ለስክሮሉ ይሰጣል። ሁለቱም ዙር ላይ ያው ፍሬምና ያው ፕሪሴት ይሁን። ጥንቃቄ፦ ማስታወሻው ፎልደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በአንድ ስም ስለሆነ ሁለት ክፍል ጎን ለጎን እንዳታስኬጂ፣ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ የመጨረሻው ቃል ነል ብቻ ነው።

ርዝመታቸው 50 ያልሆኑትን ክፍሎች ሒሳቡን በየራሳቸው ሥሪላቸው።

ባለሦስት_ፎልደር
እሑድ ከጠዋቱ 4፡02

ክፍል 7፦ 95 ሜጋባይት። 46ቱም አልቀው ተጭነዋል። ካሴቶቹም አልቀዋል፣ ጥርሱ የለም፤ እናቴ ስትስቅ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እንኳ ልስልስ ብሎ ነው የሚታየው። ዲቪዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ወሰድኳቸውና 9 ጊጋባይት የነበረው ባዶ ቦታ 220 ደርሷል። የልጆቹን ፎልደር አልነካሁትም።

ካሴት 4 ላይ ብቻ ድምፁ በግራ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ቀኙ ዝም። አባቴ ነው የሚያወራው። ዋናው ዲቪም ላይ እንደዚያው ነው። የሚስተካከል ነው?

ቀስ_በቀስ
እሑድ ከጠዋቱ 4፡35

ይስተካከላል። የካሜራው ማይክ በአንድ ቻናል ብቻ ነበር የተሰካው፣ የተለመደ ነው። -ኤሲ 1 ብቻ እንዳትጠቀሚ፣ ድምፁን ከዝምታው ጋር ቀላቅሎ ያደክምብሻል። ግራውን ብቻ ውሰጂው። ምስሉን እንደገና መጨመቅ ስለማያስፈልግ ኮፒ በዪው፣ ድምፁን ደግሞ ከዋናው ዲቪ አምጪው፦

ኤፍኤፍኤምፔግ -አይ ካሴት_04.ኤምፒ4 -አይ ካሴት_04.ዲቪ -ማፕ 0፡ቪ -ማፕ 1፡ኤ፡0 -ሲ፡ቪ ኮፒ -ኤኤፍ "ፓን=ሞኖ|ሲ0=ሲ0" -ሲ፡ኤ ኤኤሲ -ቢ፡ኤ 128ኬ -ሙቭፍላግስ +ፋስትስታርት ካሴት_04_ድምፅ.ኤምፒ4

ጥቅሱን እንዳትረሺ፣ ያለዚያ ተርሚናሉ መሃል ያለችውን ቀጥ ያለች መስመር ለራሱ ይወስዳታል።

ባለሦስት_ፎልደር
እሑድ ከጠዋቱ 4፡41

በሁለቱም ጆሮ ነው አሁን።